ለጉዞ የምትሆን ትንሽ የኤሌክትሪክ ውሃ ማፍያ እንዴት ትመረጣለች?

ሻንጣ ውስጥ የምትገባ ትንሽ የኤሌክትሪክ ውሃ ማፍያ ቅንጦት የምትመስለው ከቤቱ ርቆ ላልሰነበተ ሰው ነው። ጾም ይዞ ሆቴል ያደረ፣ ጡጦ የሚጠባ ሕፃን ይዞ የተጓዘ፣ ለዑምራ መካ የሰነበተ፣ ለሥልጠና ተልኮ ምግብ ቤቱ በጊዜ የሚዘጋ እንግዳ ማረፊያ የደረሰው ሁሉ ጥቅሟን ያውቃል። ሻይ፣ አጃ፣ ሞቅ ባለ ውሃ የሚበጠበጥ በሶ፣ በፌርሙዝ ለመንገድ የሚያዝ ውሃ፤ ሥራዋ ይኸው ነው።

ገበያ ላይ ግን ዓይን የሚስበው ሌላ ነገር ነው፦ ቀለሟ፣ መታጠፏ፣ ከሥሯ የሚበራው ሰማያዊ መብራት። እነዚህን ለመጨረሻ አቆዩአቸው። ማፍያዋ መመረጥ ያለባት በምትሰካበት ግድግዳ ልክ ስለሆነ ከዚያ እንጀምር።

1. የምትሄዱበት አገር ስንት ቮልት እንደሚጠቀም ለዩ

ኢትዮጵያ የምትጠቀመው 220 ቮልት ነው። የአውሮፓ አገሮች፣ እንግሊዝ፣ እስራኤል፣ ኬንያ፣ ደቡብ አፍሪካ፣ ሕንድ፣ ቻይና፣ የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶችና ኳታር ሁሉም ከ220 እስከ 240 ቮልት ባለው ክልል ውስጥ ይገኛሉ። አሜሪካና ካናዳ 120፣ ጃፓን ደግሞ 100 ቮልት ይጠቀማሉ። ሳዑዲ ዓረቢያ ወደ 230 ተሸጋግራለች፤ ሆኖም ቀድሞ በ127 ቮልት ትሠራ ስለነበር አሮጌ ሕንፃ ውስጥ ያረፈ ሰው ከመሰካቱ በፊት የሆቴሉን ሠራተኛ ቢጠይቅ አይከፋም። 50 ኸርዝ፣ 60 ኸርዝ የሚባለው ልዩነት ለውሃ ማፍያ ለውጥ አያመጣም፤ አትጨነቁበት።

የስልክ ቻርጀር ከ100 እስከ 240 ቮልት ያገኘውን ተቀብሎ ይሠራል። ማፍያ እንዲህ አይደለችም። ውስጧ ያለው ማሞቂያ ሽቦ ለአንድ ቮልት ተለክቶ የተሠራ ነው፤ ቮልቱ በግማሽ ሲቀንስ ሙቀቱ የሚቀንሰው በግማሽ ሳይሆን ወደ ሩብ ነው። ስለዚህ ለ220 ቮልት የተሠራች ባለ 1,000 ዋት ማፍያ ዋሽንግተን ውስጥ ብትሰካ የምትሰጠው 300 ዋት ገደማ ብቻ ነው። አደጋ የለውም፤ ትዕግሥት ብቻ ይጠይቃል።

አደገኛው ተቃራኒው ነው። ዘመድ ከአሜሪካ ሲመጣ በስጦታ ያመጣት ባለ 120 ቮልትና ባለ 1,000 ዋት ማፍያ አዲስ አበባ ላይ ስትሰካ ከ3,300 ዋት በላይ ልትስብ ትሞክራለች። ዕድለኛ ከሆናችሁ ብሬከሩ ይወድቃል ወይም በውስጧ ያለው መከላከያ ፊውዝ ይቃጠላል፤ ካልሆነ ሽታና ጭስ ይከተላል። ለቤተሰብ ዕቃ የምትልኩ ወገኖች ስጦታውን ከመግዛታችሁ በፊት ይህቺን ሒሳብ አስቡ።

2. ከሥሯ የተለጠፈውን ጽሑፍ አንብቡ

ማፍያዋን ገልብጡና ከታች ያለችውን ትንሽ ጽሑፍ ፈልጉ። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ማስታወቂያ ነው፤ ከሥሯ የተለጠፈው ግን የዕቃዋ መታወቂያ ነው። ቮልቷና ዋቷ በቁጥር ተለይተው እዚያ መቀመጥ አለባቸው። «220-240» ካለ ለአገራችን፣ ለአውሮፓና ለባሕረ ሰላጤው አገሮች ትሆናለች። «110-120» ካለ ለሰሜን አሜሪካ ብቻ ናት። ጽሑፉ ከሌለ፣ ወይም በጣት ሲታሽ የሚለቅ ወረቀት ከሆነ፣ ዋጋዋ ምንም ያህል ቢረክስ መልሱላቸው።

ሁለቱንም ዓለም የሚመላለስ ሰው ባለ ሁለት ቮልት ማፍያ ያስፈልገዋል። ይህቺ ከሥሯ ወይም ከጎኗ በሳንቲም ወይም በቢላዋ ጫፍ የምትዞር መቀየሪያ አላት፤ አንዱ በኩል 115 ወይም 120፣ ሌላው በኩል 230 ወይም 240 ተጽፎባታል። መቀየሪያዋ ጠንከር ያለች፣ ሻንጣ ውስጥ በራሷ የማትዞር መሆኗን አረጋግጡ። ከመሰካታችሁ በፊት ደግሞ ሁልጊዜ እዩአት፤ 115 ላይ እንዳለች 230 ውስጥ የገባች ማፍያ ከላይ ያነሳነው ዕጣ ይደርሳታል። መቀየሪያ ሳይኖራቸው «100-240» ብቻ ተጽፎባቸው የሚሸጡም አሉ። እንዲህ ካለው ጽሑፍ ጎን በየቮልቱ የሚኖራት ዋት ለየብቻ መጻፉን ፈልጉ፤ አንድ የዋት ቁጥር ብቻ ካለ በአንደኛው ቮልት እውነት አይደለም።

«ኮንቨርተር እገዛለሁ» የሚል መፍትሔ ለማፍያ አይሠራም። ለጉዞ የሚሸጡት ትንንሾቹ ትራንስፎርመሮች የሚችሉት አብዛኛውን ጊዜ ከ50 እስከ 200 ዋት ነው። 1,000 ዋት የሚሸከም ትራንስፎርመር ደግሞ ከማፍያዋ ብዙ እጥፍ ይከብዳል።

3. ዋቱን ከጊዜው ጋር አመዛዝኑ

ግማሽ ሊትር ውሃን ከ20 ዲግሪ ወደ 100 ዲግሪ ለማድረስ 167 ኪሎ ጁል ያህል ሙቀት ያስፈልጋል። ባለ 1,000 ዋት ማፍያ ይህን በሦስት ደቂቃ፣ ባለ 600 ዋት በአምስት ደቂቃ፣ ባለ 300 ዋት በዘጠኝ ደቂቃ ገደማ ትሰጣለች፤ በጎንና በክዳን የሚባክነውን ሙቀት ስትጨምሩበት ሁሉም ትንሽ ይረዝማል። ለእኔ ለጉዞ የሚመቸው ከ600 እስከ 1,000 ዋት ያለው ነው። ከዚያ በላይ የሆነው ፈጣን ነው፤ ነገር ግን በጄኔሬተር የሚሠራ ትንሽ ሆቴል ውስጥ መብራት ያጠፋል። አሜሪካ ውስጥ የተለመደው የክፍል መስመር 15 አምፔር ስለሆነ 1,500 ዋት የሚስብ ማፍያና የጸጉር ማድረቂያ በአንድ መስመር ላይ አብረው አይሄዱም።

በአገር ውስጥ ለምትጓዙ አንድ ነገር ልጨምር። ማታ ማታ መብራት ሲዳከምና 220 የነበረው ወደ 180 ቮልት ሲወርድ፣ ማፍያዋ ሙቀቷን በሲሶ ትቀንሳለች። አምስት ደቂቃ የነበረው ሰባት ተኩል ቢሆንባችሁ ዕቃዋ ተበላሽታ አይደለም።

በዩኤስቢ ወይም በፓወር ባንክ ውሃ እናፈላለን የሚሉትን ትቼ አልፍ ነበር፤ ግን ብዙ ሰው ይጠይቃል። የተለመደ የዩኤስቢ መስመር 10 ዋት ይሰጣል፤ በዚህ ግማሽ ሊትር ለማፍላት ከአራት ሰዓት ተኩል በላይ ይፈጃል፤ ያውም ውሃው እስከዚያ የማይቀዘቅዝ ከሆነ። 10,000 ሚሊአምፔር ሰዓት የሚባለው ፓወር ባንክ ሙሉ ጉልበቱ 133 ኪሎ ጁል ገደማ ነው። አንዴም አያፈላም። በመኪና ሲጋራ መለኮሻ የሚሰኩት ባለ 12 ቮልቶች ግን ይሠራሉ፤ የመስመሩ ፊውዝ 10 ወይም 15 አምፔር ስለሆነ ከ120 እስከ 180 ዋት ብቻ ያገኛሉ። ሞተሩ እየሠራ ግማሽ ሊትር ለማፍላት ሃያ ደቂቃና ከዚያ በላይ ይወስዳል። ለረጅም መንገድ ሹፌር ይበቃዋል፤ የሚነዳው ሰው እጅ ላይ ግን አትሁን።

4. ስፒናውንና አዳፕተሩን አስተካክሉ

የእኛ ሶኬት ክብ ቀዳዳዎች ያሉት የአውሮፓው ዓይነት ነው፤ እንግሊዝ፣ ኬንያ፣ ኤምሬቶችና ሳዑዲ ዓረቢያ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ያለውን፣ አሜሪካና ካናዳ ቀጫጭን ጠፍጣፋ እግሮች ያሉትን ይጠቀማሉ። እስራኤል የራሷ ባለ ሦስት እግር ዓይነት አላት።

አዳፕተር የስፒናውን ቅርጽ ብቻ ነው የሚቀይረው፤ ቮልቱን አይነካም። ስትገዙ ላዩ ላይ የተጻፈውን አምፔር እዩ። 6 አምፔር የሚል አዳፕተር በ220 ቮልት 1,320 ዋት ይችላል፤ ያው አዳፕተር በ120 ቮልት ግን 720 ዋት ላይ ያበቃል። ቀጭንና ሁለት እግር ያለው ጠፍጣፋው የአውሮፓ ስፒና የተሠራው ለ2.5 አምፔር ነው። ይህም 575 ዋት ገደማ ማለት ነው። 1,000 ዋት የተጻፈባት ማፍያ እንዲህ ያለ ቀጭን ስፒና ይዛ ከመጣች ወይ ዋቱ ውሸት ነው ወይ ስፒናው ይቀልጣል።

የብረት አካል ያላት ማፍያ የመሬት መስመር የግድ ያስፈልጋታል። ሦስት እግር ያለውን ወደ ሁለት የሚቀይሩት ርካሽ አዳፕተሮች ይህን መስመር ይቆርጡታል። ውስጧ ያለው ሽቦ አንድ ቀን ሲላጥ አካሏ ራሱ ኤሌክትሪክ ይይዛል፤ በርጥብ እጅ የሚነካትም እናንተው ናችሁ።

5. መጠኗን በብርጭቆ ለኩ

ብቻውን ለሚሄድ ሰው ግማሽ ሊትር በቂ ነው፤ ሦስት የሻይ ብርጭቆ ይወጣዋል። ለሁለት ሰው ወይም ለሕፃን 0.8 ሊትር። ሙሉ ሊትር ከሆነች የቤት ዕቃ ሆናለች።

የተጻፈውን መጠን ከውስጧ ካለው የከፍተኛ መስመር ጋር አስተያዩ፤ አንዳንዶች 0.6 ሊትር የሚሉት እስከ አፍ ሲሞላ ነው፤ ሲፈላ ግን ይገነፍላል። ዝቅተኛውን መስመርም እዩ። አንድ ብርጭቆ ብቻ ማፍላት የማትፈቅድ ማፍያ ለብቸኛ መንገደኛ አታመችም።

6. ከምን እንደተሠራች መርምሩ

ክዳኗን ክፈቱና ውስጧን በጣት ዳስሱ። የተሻለችው ውሃው የሚነካው ሁሉ አይዝጌ ብረት የሆነላት፣ ግድግዳዋና ወለሏ አንድ ወጥ የሆኑላት ናት። በወለሉ ዙሪያ የጎማ ቀለበት ወይም ስፌት ካለ ቆሻሻም ኖራም የሚያዘው እዚያ ነው። 304 የሚባለው ብረት 18 በመቶ ክሮሚየምና 8 በመቶ ኒኬል ስላለው ዝገትን ይቋቋማል። በማግኔት መሞከር ብልህነት ይመስላል፤ ሆኖም ርካሹ 201 የሚባለው ብረትም ማግኔት አይስበውም፤ ስለዚህ ማግኔቱ ካልያዘ ጥሩ ነው ማለት አይቻልም። 304ም ሲቀረጽ ጥቂት ሊስብ ይችላል፤ አጥብቆ ከያዘ ግን 304 መሆኗን ተጠራጠሩ።

ውጭዋ በፕላስቲክ የተሸፈነ፣ ውስጧ ብረት የሆነች ባለ ሁለት ግድግዳ ማፍያ እጅ አታቃጥልም። ትንሽ ትከብዳለች፤ እኔ ግን ክብደቱን እመርጣለሁ። ብርጭቆ ለሻንጣ አይሆንም።

የምትታጠፈዋ የሲሊኮን ማፍያ በጣም ቦታ ትቆጥባለች። ቦርሳው ብቻ ለሚፈቀድለት ተጓዥ ጥቅሟ ግልጽ ነው። ጉድለቷም ግልጽ ነው፦ መጀመሪያዎቹ ጊዜያት የጎማ ሽታ አላት፣ ሙሉ ሆና ስትነሳ ትወዛወዛለች፣ በእጥፋቶቿ መካከል ኖራ ይጋገራል። ሱቅ ውስጥ ክዳኗን ከፍታችሁ አሽትቷት፤ ውሃ ሳይገባባት ገና የምትሸት ከሆነ ስትፈላ ይብስባታል።

7. ስታፈላ በራሷ መጥፋቷን አረጋግጡ

ይህ ከሁሉ የሚበልጠው ነጥብ ነው፤ ብዙ ሰው ግን አይመረምረውም።

ክዳኗን ስትከፍቱ ከላይ፣ በእጀታው በኩል፣ ትንሽ ቀዳዳ ታያላችሁ። ውሃው ሲፈላ እንፋሎቱ በዚያች ቀዳዳ ገብቶ በእጀታው ውስጥ እየወረደ ከሁለት ዓይነት ብረት የተጣበቀች ስስ ቁራጭ ጋር ይደርሳል። ሁለቱ ብረቶች ሲሞቁ እኩል አይለጠጡም፤ ስለዚህ ቁራጯ በድንገት ወደ ሌላ ጎን ትገለበጥና ማብሪያውን ትገፋዋለች። «ቷ» የምትለው ድምፅ እሷ ናት። ክዳኑ በደንብ ካልገጠመ እንፋሎቱ ወደ ውጭ ይወጣል፣ ቁራጯ አትሞቅም፣ ማፍያዋም ውሃው እስኪያልቅ ትፈላለች። ስለዚህ ክዳኑ ሲዘጋ የሚቆልፍ፣ በጣት ሲነካ የማይወዛወዝ ይሁን።

ከወለሏ በታች ሁለተኛ መከላከያ መኖር አለበት፤ ባዶዋን ብትበራ የሚያጠፋት። በእንግሊዝኛ መመሪያው ላይ ስለ ደረቅ ማፍላት መከላከያ የሚናገር መስመር ፈልጉ። በሥሯ ያለው መቆጣጠሪያ ስትሪክስ ወይም ኦተር ከተባሉት የታወቁ አምራቾች ከሆነ ሻጩ ራሱ ሳትጠይቁት ይነግራችኋል።

ከፍታም እዚህ ላይ ይመጣል። አዲስ አበባ ውስጥ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ደብረ ብርሃን ላይ ደግሞ ወደ 91 ይወርዳል። በእንፋሎት የምትጠፋዋ ማፍያ ይህ አይመለከታትም፤ እንፋሎት በየትም ከፍታ እንፋሎት ነው። የሙቀት ዲግሪ በቁጥር የሚመረጥባት ማፍያ ግን 100 ላይ ከተደረገች አዲስ አበባ ውስጥ ወደዚያ ቁጥር በጭራሽ አትደርስም፤ ሰዓት ቆጣሪ ከሌላት ዝም ብላ ትፈላለች። ደገኛ ከሆናችሁ ተራዋን ምረጡ፤ ርካሽም ናት።

ለሕፃን ወተት የዱቄቱ መበጥበጫ ውሃ ከ70 ዲግሪ በታች እንዳይሆን የዓለም ጤና ድርጅት ይመክራል፤ ከተበጠበጠ በኋላ ነው ማቀዝቀዝ። ውሃውን የምታፈሉት ለመጠጥ ለማጣራት ከሆነ፣ የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ከ2,000 ሜትር በላይ ባለ ከፍታ ለሦስት ደቂቃ እንዲፈላ ይመክራል። በራሷ የምትጠፋ ማፍያ ያን ያህል ስለማትቆይ ደጋግማችሁ አብሯት።

8. ሱቅ ውስጥ ሞክሯት

በእኛ አገር የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቆች ዕቃን ሰክቶ ማሳየት የተለመደ ነው፤ አትፈሩ። ስትሄዱ ግማሽ ሊትር የታሸገ ውሃ ያዙ። ጠርሙሱ ራሱ መለኪያ ነው። ጨምሩት፣ የት እንደደረሰ እዩ፣ ክዳኑን ግጠሙና አብሩ፤ ሰዓት ያዙ። ባለ 1,000 ዋት የተባለችው ስድስት ደቂቃ ከፈጀች ዋቷ ከተጻፈው በግማሽ ያነሰ ነው ወይም የሱቁ መብራት በጣም ደክሟል።

እየፈላች ሳለ እጃችሁን ገመዱ ላይ፣ ከዚያም ስፒናው ላይ አድርጉ። ለብ ማለት ያለ ነው፤ ካቃጠለ ገመዱ ቀጭን ነው ማለት ነው። ቷ ብላ ስትጠፋ ወዲያው ወደ ጠባብ ብርጭቆ ቅዱ፤ ውሃው ወደ አገጯ የሚመለስ ከሆነ ሁልጊዜ ጠረጴዛ ታረጥባለች። በመጨረሻም ገልብጧትና ከሥሯ ጠብታ መኖሩን ተመልከቱ። የገመዱን ርዝመትም እዩ፤ የጉዞ ማፍያ ገመድ አጭር ስለሆነ የሆቴሉ ሶኬት መሬት አጠገብ ከሆነ ወለል ላይ ማስቀመጥ ይመጣል። ልጅ ላለው ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

9. ከመጓዛችሁ በፊት አለማምዷት

ሁለት ሦስት ጊዜ ውሃ አፍልታችሁ ድፉ። ከዚያ በኋላ ከውሃ በቀር ምንም አታስገቡባት። ወተት ወለሏ ላይ ያርራል፣ አረፋውም በእንፋሎቱ ቀዳዳ ገብቶ ማጥፊያዋን ያደነዝዘዋል። ሽሮ በማፍያ ውስጥ ላንተክትክ የሚል ሰው የሚፈልገው ሌላ ዕቃ ነው፦ አፉ ሰፊ፣ ባለ ሁለት ደረጃ ዋት የሆነ ትንሽ የኤሌክትሪክ ድስት፤ እሱም ለጉዞ ይሸጣል። ቡናም ቢሆን ውሃውን አፍልታችሁ ከውጭ ባለ ዕቃ ላይ አፍስሱበት።

እንደ ድሬዳዋ ያለ ኖራ የሚበዛበት ውሃ ወለሏን ነጭ ያለብሰዋል። የአንድ ሎሚ ጭማቂ ወይም ጥቂት አቼቶ ከውሃ ጋር አሙቃችሁ ግማሽ ሰዓት አቆዩበት፣ ከዚያ በንጹሕ ውሃ አፍልታችሁ ድፉ። በብረት መፈግፈጊያ አትፈግፍጓት። መላ አካሏንም ውሃ ውስጥ አትንከሩ።

10. አሸጋሸግና የሆቴል ፈቃድ

ከማሸጋችሁ በፊት ክዳኗ ተከፍቶ ትደር፤ ርጥበት ይዛ የተዘጋች ማፍያ ትሸታለች። ገመዱን፣ የሻይ ቅጠሉንና አዳፕተሩን በፌስታል አድርጋችሁ ሆዷ ውስጥ አስገቡ፤ ቦታ አይባክንም። በዕቃ ማስጫኛ ከላካችኋት በልብስ ጠቅልሏት፤ በእጅ ሻንጣ ከያዛችኋት ደግሞ ባዶና ደረቅ ትሁን፣ ፈታሹ ለማየት ቢጠይቅ በቶሎ የምትወጣበት ቦታ ላይ አስቀምጧት።

በአንዳንድ ሆቴሎችና በብዙ የተማሪ መኖሪያዎች ማሞቂያ ዕቃ መጠቀም ክልክል ነው። ስትመዘገቡ ጠይቁ። «በራሷ የምትጠፋ ናት» ብላችሁ ስታሳዩ ብዙ ጊዜ ይፈቀዳል፤ እንግሊዝና የባሕረ ሰላጤው አገሮች ውስጥ ደግሞ ብዙ ሆቴሎች የራሳቸውን ማፍያ ክፍሉ ውስጥ ስለሚያስቀምጡ ክፍሉን ስትይዙ ይህን ብታጣሩ ጨርሶ ላያስፈልጋችሁ ይችላል። ከተከለከለ ፌርሙዛችሁን ይዛችሁ ወደ ምግብ ቤቱ ውረዱ፤ የፈላ ውሃ የሚነፍግ አስተናጋጅ እምብዛም አያጋጥምም።